ከጋሼ እጅ ጠመንጃ መቀበል

ሰው ሲጠይቀኝ ጠመንጃውን የገዛሁት ጥይቱ ርካሽ ስለሆነ ነው እላለሁ። ውሸት አይደለም። ዋናው ምክንያት ግን የጋሼ ትከሻ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረን ትልቁ ጠመንጃ ጥይቱ እሳት ሆኖብን፣ ተኩሰን ስንመለስ መኪና ውስጥ ያወጣነውን ገንዘብ እናሰላ ነበር። በዚያ ላይ ጋሼ ትከሻቸውን ኦፕሬሽን ከሆኑ ወዲህ የተኩሱን ግፊት አልቻሉትም። "ምንም አልሆንኩም" ይላሉ፤ ማታ ግን ልጃቸው በረዶ ስትይዝላቸው እንደምታመሽ እሰማለሁ።

አዲሱ ካርባይን የሚሉት ዓይነት ነው። ቁመናው የጠመንጃ፣ የሚጎርሰው የሽጉጥ ጥይት፤ ያው በየሱቁ የማይጠፋው ዘጠኝ ሚሊሜትር። ሲተኮስ ትከሻን ገፋ አድርጎ ይተዋል እንጂ አይመታም። ጥይት የሚሞላበት ካዝናው እንኳ ከሽጉጤ ጋር አንድ ስለሆነ ሌላ መግዛት አላስፈለገኝም። ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዩት አገላብጠው፣ ካዝናውን አውጥተው፣ አንዷን ጥይት በሁለት ጣታቸው አንስተው ሳቁ።

"ይቺማ በቅሎ ናት" አሉ። "አባቷ ሽጉጥ፣ እናቷ ጠመንጃ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ በመካከላችን ስሟ በቅሎዋ ሆኖ ቀረ።

ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ናቸው። በአሥራ ሰባት ዓመት ይበልጡኛል፤ ከአብዮቱ በኋላ ቀድመው ወጥተው፣ እዚህ ፈረንጅ አገር ተምረው መንገድ ሥራ መሐንዲስ ሆነው፣ እኔን ያስመጡኝም ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። አንተ ብያቸው አላውቅም። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። እኔ ከወንዙ ማዶ፣ በሌላው ግዛት፣ አሌክሳንድሪያ ነኝ። የሁለቱ ግዛት የመሣሪያ ሕግ ለየቅል ስለሆነ በቅሎዋ እኔ ቤት ተቆልፎባት ትቀመጣለች፤ መተኮሻ ቦታውም በእኛ በኩል ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሄጄ አመጣቸዋለሁ፤ ተኩሰን እኔ ቤት ምሳ እንበላለን፤ ወልውለን እመልሳቸዋለሁ። ሌላው የሳምንቱ ቀን ለጋሼ ቅዳሜን መጠበቂያ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ከመተኮሱ ይልቅ መወልወሉን ነበር የሚወዱት። በቅሎዋ ደግሞ ቆሻሻ ናት። ስትተኮስ የባሩዱ ጢስ ግማሹ ወደ ኋላ ነው የሚተነፍሰው፤ ውስጧ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የምትመላለሰው ብረት፣ ቦልቷ፣ ጥላሸት ለብሳ ትወጣለች። የሸጠልኝ ሰውዬ በየጊዜው ማጽዳት አያስፈልግም፣ ጠብታ ዘይት ይበቃታል ብሎኝ ነበር። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ሰውየው ልጆቹን ሳያጥብ የሚያስተኛ ይመስል ፊታቸውን አጨፈገጉ። ጠመንጃ ሳይወለወል አያድርም፤ አለቀ። አሮጌ አንሶላ በልካቸው ቀደው፣ ጋዜጣ አንጥፈው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ይቀመጣሉ። እኔ ዘይት አቀባይ ነኝ። ሃምሳ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ዘይት አቀባይ! ግን ደስ ይለኝ ነበር።

መወልወሉን የተማሩት ከአባታችን ጠመንጃ ላይ ነው። አባታችን ያን ጠመንጃ በደርግ ጊዜ አስረክቡ ተብለው ያስረከቡ ቀን እኔ ሕፃን ነበርኩ። ትዝ የሚለኝ ሰው እንደ ለቅሶ ቤት እየገባ "እግዜር ያጽናዎት" ሲላቸው ነው። ጋሼ ግን ተማሪ ሆነው ለእረፍት መጥተው ስለነበር አብረዋቸው ሄደዋል፤ ሁሉንም አይተዋል። ሲያወሩት ደርግን አያነሱም። የሚያነሱት የተቀበላቸውን ሰው ነው። የጎረቤት ልጅ ነበር፤ አባታችን ያጎረሱት ልጅ። ዓይናቸውን ሳያይ፣ በአንድ እጁ ላፍ አድርጎ፣ ከማገዶ ክምር ላይ እንደሚጥል ጣለው ይላሉ። አባታችን ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩም።

የጋሼ ነገር የጀመረው በጥያቄ ነው። "ጥይቱ እንዴት ነው፣ አልተወደደም?" ይሉኛል። አልተወደደም እላለሁ። "ደግ ነው" ይላሉ። ድልድዩን ተሻግረን ሳንጨርስ ደግመው ይጠይቁኛል፣ በዚያው ድምፅ። መጀመሪያ የሽማግሌ ነገር ነው ብዬ ተውኩት። ቀጥሎ አንድ ቅዳሜ ከጎናችን የሚተኩስ ሰውዬ፣ ካርቶን ኢላማው ላይ እሱ ያልተኮሰው ቀዳዳ ሲበዛበት ዞር ብሎ አየን። ጋሼ የእሱን ኢላማ ሲመቱ ነበር። ደግሞ እኮ አይስቱም! አንዱም ሳይቀር መሃሉ ላይ ነው። እኔ ሳቅኩ፣ ሰውየውም ሳቀ፣ ጋሼም ሳቁ። ማታ ግን ለልጃቸው ደውዬ ነገርኳት። ከዚያ ልጃቸው ምድጃ ላይ ጥደው የረሱትን ድስት፣ በእግራቸው ወጥተው ዊተን የሚባለው ሰፈር ድረስ ሄደው መመለሻው የጠፋባቸውን ቀን እየነገረችኝ መጣች። ሐኪሙም የመርሳት በሽታ ነው፣ ገና ጅምሩ ነው አለ።

ልጅቷ እዚህ የተወለደች ነርስ ናት። አባቷን ትወዳለች፤ እኔንም ታከብረኛለች። አንድ ቅዳሜ ላወርዳቸው ስመጣ፣ እሳቸው ወደ ቤት እስኪገቡ ጠብቃ የመኪናዬን መስኮት አንኳኳች።

"አጎቴ፣ ስቶፕ ማድረግ አለብን" አለችኝ። "ሴፍ አይደለም። ለእሱም፣ ላንተም፣ እዛ ለሚተኩሱት ሰዎችም።"

"እኔ አለሁ አይደል?"

"ዛትስ ኖት ኢናፍ፣ አጎቴ። ጠመንጃ ነው እኮ።"

"አንቺ ትጥቅ ማስፈታት ምን እንደሆነ አታውቂም" አልኳት። "ቅዳሜን ከወሰድሽባቸው ምን ይቀራቸዋል?"

"አንተ ካልቻልክ እኔ እነግረዋለሁ።"

"እንዳታደርጊው!" ብዬ ጮህኩባት። ጎረቤቷ ቆሻሻ ሊጥል ወጥቶ ቀና ብሎ አየን። ተናደድኩ፤ የተናደድኩትም እውነቷን ስለሆነ ነው። መንገዱን ሙሉ አባቴን አስባለሁ፣ የተቀበላቸውን ልጅ አስባለሁ። ያ ልጅ መሆን አልፈልግም ነበር። እና እንደ ማንኛውም ፈሪ ብልሃት ፈለግኩ፦ ካዝናው ውስጥ ጥቂት ጥቂት ጥይት እየሞላሁ እሰጣቸዋለሁ፣ ትከሻቸው ሥር እቆማለሁ፣ የሚያነጣጥሩበትን በዓይኔ እከተላለሁ። ተኩሱን ትቼ የጋሼን እጅ ብቻ የማይ ሰው ሆንኩ። ቅዳሜ የሚያስጨንቀኝ ቀን ሆነ።

ከዚያ ያ ቅዳሜ መጣ። ቦታው በሰው ተሞልቶ ነበር። ጋሼ ካዝናውን አስገብተው፣ ቦልቷን ስበው ለቀው፣ ሊያነጣጥሩ ሲሉ ከኋላችን "ጋሼ! እንዴት አደሩ፣ ጤና ይስጥልኝ!" የሚል ድምፅ መጣ። ጆሯችን ላይ ያደረግነው መከላከያ የተኩስ ድምፅ እንጂ ንግግር የማያፍን ዓይነት ነው። ዞር ስል የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ነው፤ ታክሲ የሚነዳ፣ ጨዋ ሰው፣ አዲስ ሽጉጥ ገዝቶ ሊሞክር የመጣ።

በእኛ ወግ ጀርባ ሰጥቶ ሰላምታ የለም። ጋሼ ዞሩ። ጠመንጃውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩና ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ ዘርግተውም ጎንበስ አሉ። እሳቸው ጎንበስ ሲሉ አፈሙዙ የተኳሾቹን መስመር ሁሉ ጠርጎ መጥቶ የሰውየው ሆድ ላይ አረፈ። ሰውየው ምን አደረገ? እሱም ጎንበስ አለ። ዓይኑ አፈሙዙ ላይ ወርዶ ሲመለስ አይቻለሁ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ግን ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተውለት እንዴት ወደ ኋላ ይበል? በሁለት እጁ ጨበጣቸው።

"ልጆች ደህና ናቸው?" አሉት ጋሼ።

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ባለቤትህስ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም ደህና።"

እኔስ? እጄ እስከ ጠመንጃው ሄዶ ተመለሰ። ከታላቅ ወንድም እጅ፣ በሰው ፊት፣ ጠመንጃ አይቀማም። "ጋሼ፣ አንዴ ልያዝልዎት" አልኩ፣ ጋቢ የምይዝላቸው ይመስል። አልሰሙኝም፤ ሰላምታው አላለቀም። ሦስት ሙሉ ሰዎች የጎረሰ ጠመንጃ መካከላችን አስቀምጠን ስለ ቤተሰብ እንጠያየቃለን።

ያዳነን የቦታው ተቆጣጣሪ ነው። እግዜር ይስጠውና ወጋችንን አያውቅም። እየጮኸ ሮጦ መጥቶ አፈሙዙን በእጁ ጨብጦ ወደ ኢላማው መለሰው፤ ጠመንጃውን ከጋሼ እጅ ነጥቆ ቦልቷን ሲስባት አንዲት ጥይት ወጥታ ወለሉ ላይ ተንከባለለች። ጥይቷ ገብታ፣ ሳይታሰብ እንዳይተኮስ የሚይዘው መጠበቂያም ተለቅቆ ነበር። የታክሲው ሰውዬ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። አብሮኝ ስላለ ሰው ሆድ ሳይሆን ስለ ጋሼ ክብር ሳስብ እንደነበርኩ ያኔ ገባኝ፤ በራሴ አፈርኩ።

ጋሼ በጥሩ እንግሊዝኛቸው ይቅርታ ጠየቁ። ተቆጣጣሪው ክፉ ሰው አይደለም፤ ወደ ጎን ጠርቶኝ እሳቸው ከእንግዲህ እዚህ አይተኩሱም፣ አንተም ልታውቅበት ይገባ ነበር አለኝ። ዕቃችንን ሰብስበን ወጣን። መኪና ውስጥ ትንሽ ከሄድን በኋላ ጋሼ "ደህና ሰው ነው፣ አየህ፣ አክብሮ ሰላም አለን" አሉ። ቀጥለውም "ዛሬ ሳንተኩስ ነው እንዴ የምንመለሰው?" አሉኝ።

"በቅሎዋ ተበላሽታ ነው፣ ጋሼ" አልኩ። አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው።

ውሸቱ ለጥቂት ሳምንታት ሠራ። ጥይት አልጎርስ ብላለች፣ ዕቃ አዝዤላታለሁ፣ ዕቃው ዘግይቷል። ልጃቸውም ደስ አላት፤ "ቤስት አይዲያ ነው" አለችኝ። እኔ ግን በስልክ ውሸቴን ስሰማው ያስጠላኝ ነበር። ሌላውን ሁሉ የሚረሱት ጋሼ ይህን አልረሱም። "ምን ሆና ነው የማትጎርሰው? ካዝናው ነው? ሞላው ደክሞ ነው?" ይሉኛል። መሐንዲስ ናቸው፤ በደፈናው ተበላሸ አይገባቸውም። በመጨረሻ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ልጃቸው ቤቴ ይዛቸው መጣች። አላስቀምጥ ብለዋት ነው። እንደገቡ፣ እህል ሳይቀምሱ፣ "እስቲ አምጣት" አሉ።

ባዶ መሆኗን አይቼ አመጣሁላቸው። አንሶላ ቀደድኩ፣ ጋዜጣ አነጠፍኩ። ልጃቸው እጇን አጣምራ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ጋሼ የልጅ ልጃቸው ስም ከጠፋባቸው ቆይቷል፤ እጃቸው ግን ምንም አልጠፋውም። አካሏን የሚያያይዙትን ሁለት ፒኖች ገፍተው ከሁለት ከፈሏት። ቦልቷን ሳቡ፣ ሞላውን አውጥተው ርዝመቱን በስንዝራቸው ለኩ፣ ጥይቷን የምትመታውን መርፌ ብርሃን ላይ አዩ፣ የጥይቷን መግቢያ በጣታቸው ዳበሱ። ከሰደፏ ውስጥ ሳይቀር ጥላሸት አወጡ። ከዚያ መልሰው ገጣጠሟት፤ አንድ ጊዜ እንኳ እጃቸው አላመነታም። ለመለማመጃ የምትሆን የፕላስቲክ ጥይት ነበረችኝ፤ እሷን አጎረሷት፤ ጎረሰች። ሳቧት፤ ተፋች። ደገሙት። ካዝናውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና መነጽራቸውን አወለቁ።

"ምንም አልሆነችም" አሉ። "ለምን ዋሸኸኝ?"

ልጃቸው "አባዬ" ብላ ልትጀምር ስትል እጃቸውን አነሱባት። እኔን ነበር የሚያዩት። ያን ቅዳሜ የሆነውን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። የማያውቁት ሰው ታሪክ እንደሚሰማ ሰው ሆነው ሰሙኝ።

"ሰው ላይ ደገንኩ?"

"ሰላም ሊሉት ነው፣ ጋሼ።"

"ጎርሳ ነበር?"

"ጎርሳ ነበር።"

"አንተስ ቆመህ ታያለህ?"

አንገቴን ደፋሁ። ጋሼ ካዝናውን በጣታቸው ከጠመንጃዋ አርቀው ገፉት።

"የሰው ልጅ ገድዬ፣ መግደሌንም ልረሳው ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "የሟች እናት ስታለቅስ ለምን ታለቅሳለች ብዬ ልጠይቃት።"

ልጃቸው መጥታ ከኋላቸው አቀፈቻቸው። አላባረሯትም። ትንሽ ቆይተው ፒኖቹን እንደገና ገፉ፣ ያለ እሷ ጠመንጃው የማይተኩሰውን ቦልቷን ብቻ አወጡ፣ በንጹሕ የአንሶላ ቁራጭ ጠቀለሏት። ተነሡ። እኔም ተነሣሁ። ዓይኔን እያዩ በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ። በሁለት እጄ ተቀበልኩ፣ እንደ ልማዴ ጎንበስ ብዬ። እንባዬን መያዝ አልቻልኩም።

"ማንም አልቀማኝም" አሉ። "እኔ ነኝ የሰጠሁህ፣ በገዛ እጄ። ይህንንም እረሳዋለሁ። ስረሳው ንገረኝ፤ እንደ ልጅ ተበላሸች እያልክ አታታልለኝ። ብቆጣህም ንገረኝ።"

"እሺ ጋሼ" አልኩ። ምን ላይ እንደተስማማሁ አላወቅኩም ነበር።

ቦልቷን ለብቻዋ ቆልፌባታለሁ። ሌላውን አካሏን አልፎ አልፎ አውጥቼ ዝገት እንዳይነካት ዘይት አስነካታለሁ። አልሸጥኳትም፤ ከዚያ ወዲህም ተኩሼባት አላውቅም። ጋሼ ግን በየሳምንቱ ይደውላሉ። "ምነው፣ ዛሬ አንሄድም?" ይሉኛል። እኔም ቃሌ ነውና እነግራቸዋለሁ፤ ጠመንጃውን ራሳቸው እንዳስረከቡኝ፣ ለምን እንዳስረከቡኝ፣ ሰው ላይ እንደደገኑ። እሳቸው በየሳምንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ይሰሙታል። አንዳንዴ "እንዲያ ከሆነ ደግ አድርጌያለሁ" ብለው ይዘጋሉ። አንዳንዴ ሌባ ይሉኛል፤ ያሳደግኩህ ለዚህ ነው ይሉኛል። ልጃቸው "ፕሊስ አጎቴ፣ ዝም ብለህ ተበላሸ በለው" እያለች ትለምነኛለች፤ ስልኩን ከዘጉ በኋላ የሚሆኑትን የምታይ እሷ ናት። ምናልባት ትክክል ናት። ውሸቱ ለሁላችንም ይቀል ነበር። ግን ቃል ሲያስገቡኝ አእምሯቸው ሙሉ ነበር፤ እኔ የማምነው ያን ቀን የነበሩትን ጋሼን ነው።

ባለፈው ሳምንት ድምፃቸው ደክሞ ነበር። "ጠመንጃዬ የለም" አሉኝ። "ማን ቀማኝ?"

"ማንም አልቀማዎትም፣ ጋሼ። በገዛ እጅዎ ሰጥተውታል።"

"ለማን?"

"ለወንድምዎ።"

"ለትንሹ?"

"አዎ፣ ለትንሹ።"

ትንፋሻቸው ረገብ ሲል ሰማሁት። "እሱ ጋ ከሆነ ግድ የለም" አሉ። "ደህና ልጅ ነው።" ስልኩን የሚዘጉ መስሎኝ ነበር፤ አልዘጉም።

"ይቅርታ" አሉ፣ ለማያውቁት ሰው በሚናገሩበት በዚያ ጨዋ ድምፃቸው፣ "እርስዎን ማን ልበል?"